ጀብዱ የማን ነው?

አንድ ጀርመናዊ ወጣት ቦርሳውን አዝሎ ከኢስታንቡል አውቶቡስ ይሳፈራል። ኤቭሮስ ወንዝ ላይ ፓስፖርቱን አሳይቶ ግሪክ ይገባል። ይሄ "ጀብዱ" ነው፤ ፎቶውን ላይክ እናደርጋለን። ቪዛ የሌለው እኩያው ያንኑ ወንዝ ሌሊት በጎማ ጀልባ ሲሻገር ግን "ሕገወጥ" ይባላል።

የሐይቅና የአምባሰል ልጅም ስሙ ይኸው ነው። በባቲ ወደ አፋር ወርዶ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ተሻግሮ፣ ሳዑዲ ድንበር ይደርሳል። ሂውማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እዚያ እንደገደሉ ጽፏል።

እኛስ ምን እንላለን? "ግንዛቤ ይጎድላቸዋል።" ኧረ በናታችሁ! የጎረቤቱን ለቅሶ ደርሶ የመጣ ልጅ ሞት መኖሩን አጣው? ከጂዳ በተላከ ብር የተሠራውን ቆርቆሮ ቤትም አይቷል። ሁለቱንም አስልቶ ነው የሚወጣው።

በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ሲከለክል ሕጋዊው በር ተዘጋ እንጂ ጉዞው አልቆመም። ደላላው ግን ገበያው ደራለት።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። አንድ ሰው ቢሳሳት ሰውየውን እንወቅስ ይሆናል፤ ሺዎች እዚያው ቦታ ላይ ሲወድቁ ግን የተበላሸው ሲስተሙ ነው። ስለዚህ ስብሰባውና ፖስተሩ ይብቃን። ልጁ ፓስፖርቱንና የሥራ ውሉን ያለደላላ፣ እዚያው ሐይቅ ላይ ያግኝ። ያኔ መሄድም መቅረትም ምርጫው ይሆናል።