ባትሪውን ማን ይቀይረዋል?

በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ማሳው ውኃ መጥገቡን ለማወቅ አፈር ዘግኖ በመዳፉ ይጨብጣል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ፣ ወይም ላዩ ርሶ ሥሩ የተጠማ ሊኾን ስለሚችል ግን እጅ ብቻውን አይበቃም። ይህን ክፍተት ይሞላሉ የተባሉት ርጥበትና ሙቀት ለክተው ያለ ገመድ የሚልኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች ናቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.አ.አ በ1990ዎቹ በአሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ፒስተር "ብልህ አቧራ" በሚል ስያሜ የአሸዋ ቅንጣት የሚያክል ሴንሰር ለመሥራት ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ እጅግ አንሷል፤ ባትሪው ግን እኩል ሊያንስ አልቻለም። ባትሪ የሚይዘው ኃይል በመጠኑ ልክ ነውና። ብዙውን ኃይል የሚጨርሰው ደግሞ መለካቱ ሳይኾን የተለካውን በሬዲዮ መላኩ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያንቀላፋ፣ ለቅጽበት ነቅቶ ለክቶና ልኮ ተመልሶ እንዲተኛ ይደረጋል።

እ.አ.አ በ2022 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባትሪውን ጨርሰው አስወገዱት። 30 ሚሊግራም የምትመዝነው ሴንሰራቸው በነፋስ እንደሚበተን ዘር ተንሳፍፋ እስከ 100 ሜትር ትጓዛለች። ኃይሏን ከፀሐይ ታገኛለች። ከሌላ ማሰራጫ የመጣውን ሞገድ እያንጸባረቀች እስከ 60 ሜትር መረጃ ታደርሳለች። ሲመሽ ግን ሥራዋን ታቆማለች፤ ውርጭ የሚወርደው ደግሞ ሌሊት ነው። ከአፈር ሥርም ፀሐይ የለም። ከብት በሚግጥበት ማሳ ተበትና የምትቀረውን ማን ይለቅማታል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ኃይል ጨርሶ የማይፈልግ መሣሪያም አለ። በአውስትራሊያ የተፈለሰፈውና በክልላችን በቆጋ መስኖ የተሞከረው መሣሪያ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ኾኖ ከሥር አካባቢ ይቀበራል። ውኃው ሲደርሰው በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ተነሥቶ ከመሬት በላይ ያለውን ምልክት ከፍ ያደርጋል፤ አርሶ አደሩም ውኃውን ይዘጋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ላይኛው ከልክ በላይ ሲያጠጣ የታችኛው ማሳ ይጠማል፣ ማዳበሪያውም ታጥቦ ይሄዳል።

ጉድለቱ ሄዶ ማየትን መጠየቁ ነው። ግማሽ ሄክታር ለሚያርስ ሰው ይህ ሸክም አይኾንም፤ ሲነጋ ማሳው ላይ ነው። በቆጋ 7 ሺህ ሄክታር ውኃ ለሚያከፋፍል ግን ከሩቅ የሚናገር ሴንሰር ዋጋ አለው። ያኔም ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ባትሪው ስንት ክረምት እንደሚቆይና ሲያልቅ ማን እንደሚቀይረው ነው።