ዳላስን ብናሸንፍ ደስ ይለኛል፤ ልጁ ግን አይግባ



ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አይደለም የማወራችሁ። የፊታችን ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 3:00 ላይ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር በሚገኘው ሜዳው ዳላስ ካውቦይስን ያስተናግዳል። አሜሪካን ፉትቦል ነው፤ ያ ሞላላ ኳስ በእጅ የሚወረወርበት፣ ሄልሜት የሚደረግበት። "ዶክተር ዛሬ ምን ነካው?" የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ። ጨዋታው እዚያ ቢሆንም ነገሩ የእናንተንም ጉልበትና ክርን ይነካል።

የዋሽንግተን ደጋፊ ያደረገችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እዚያ የእሁድ ቀን ጨዋታ ሲጀመር እኛ ጋ መሽቷል። ስለዚህ ዱቲ በሌለኝ እሁድ እሷ ሳሎኗ ውስጥ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆነን በቴሌግራም እየተጨቃጨቅን እናያለን።

ዋሽንግተንና ዳላስ ሲገናኙ የደረጃ ሰንጠረዥ አይታይም። የእኛን የሸገር ደርቢ አስቡት። ጠቡ የጀመረው ዳላስ ገና ክለብ ሳይኖረው ነው። የዋሽንግተን ባለቤት የነበረው ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ዳላስ ሊጉ ውስጥ እንዳይገባ ሲከላከል፣ የዳላሱ ባለሀብት ክሊንት መርቺሰን የዋሽንግተንን የክለብ መዝሙር መብት ገዛና በማርሻል ድምፅ ለወጠው። ዳላስ እ.ኤ.አ. በ1960 ሊጉን ተቀላቀለ። እነሱ 5 ሱፐር ቦውል አላቸው፣ እኛ 3። የእኛ የመጨረሻው በ1992 ነው፣ የእነሱ በ1996። እኔ አንዱንም አልደረስኩበትም። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም በድሮ ዝና ነው የምንፎካከረው።

ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ ብሶብናል። ጥቅምት ላይ ዳላስ 44 ለ 22 ቀጥቶናል። አሁን ሁለቱም ቡድኖች ከፕሌይኦፍ ውጪ ናቸው፤ የቀረው ክብር ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅም ትናንት ቮይስ ላከችልኝ፦ "ጄይደን ይግባና ዳላስን እናሸንፍ፣ ሌላው ይቅር! የተጎዳው እኮ ግራ እጁ ነው፣ የሚወረውረው በቀኝ ነው!"

ለማታውቁት፣ ጄይደን ዳኒየልስ የዋሽንግተን ኳርተርባክ ነው። ማጥቃቱ ሁሉ ከእሱ እጅ ነው የሚጀምረው። ገና 25 ዓመቱ ነው። አምና በመጀመሪያ ዓመቱ ሱፐር ቦውል ሊገባ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ድረስ ቡድኑን አደረሰ። ዘንድሮ ግን መጀመሪያ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ቀጥሎ በዚያው በዳላሱ ጨዋታ የታፋውን ጡንቻ። ጥቅምት 23 ደግሞ ከሲያትል ጋር፣ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ሜዳ ላይ ቆይቶ ግራ ክርኑ ወለቀ። አሠልጣኙ ዳን ኩዊን ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ አመነ። ኅዳር 28 ተመልሶ ሲገባ ያው ክርን እንደገና ተነካ። በመጨረሻ ክለቡ እስከ ውድድሩ መጨረሻ አይጫወትም አለ።

እንደ ደጋፊ ተናድጃለሁ። እንደ ሐኪም ግን ትክክል ነው እላለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

መገጣጠሚያ ሲወልቅ አጥንቱ ወደ ቦታው ቢመለስም አጥንትን ከአጥንት የሚያስተሳስሩት ጅማቶች ተለጥጠዋል ወይም ተበጥሰዋል። እብጠቱና ሕመሙ በቀናትና በሳምንታት ይቀንሳል። ጅማቱ ግን በመጀመሪያ የሚጠገነው በደካማ ጠባሳ ነው፤ ያ ጠባሳ ጠንክሮ ኃይል እስኪችል ወራት ይፈጃል። ስለዚህ "አያመኝም" እና "ድኗል" አንድ አይደሉም። ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጥንካሬው ኋላ ይመጣል። ሰው ደግሞ የሚጎዳው በመሀል ባለው ጊዜ ነው። ግራ እጅ አይወረውር ይሆናል፤ ሰው ሲወድቅ ግን መሬቱን የሚቀበለው ባገኘው እጅ ነው።

ዋሽንግተን ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛው የሚባል ልጅ መጣ። እንደ ዳኒየልስ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ፣ እንደ ዳኒየልስ በመጀመሪያ ዓመቱ የተሸለመ። ዲሴምበር ላይ ቀኝ ጉልበቱን ተጎዳ። አንድ ጨዋታ ብቻ አርፎ ተመለሰ። በዓመቱ መጨረሻ ዳላስን 28 ለ 18 አሸንፎ ቡድኑን የምድቡ አሸናፊ አደረገ፤ ከተማው አበደ። ከሳምንት በኋላ ከሲያትል ጋር እያነከሰ ተጫወተ፤ ሁሉም እያየው ማንም አላስወጣውም። በአራተኛው ሩብ ጉልበቱ ከሥሩ ከዳው፣ ሁለት ጅማቶቹ ቀዶ ጥገና አስፈለጋቸው። ከዚያ በኋላ ተጫውቷል፣ ግን ያ የመጀመሪያው ዓመት ልጅ አልተመለሰም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ኢንተርን እያለሁ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ጉልበቱ አብጦ መጣ። ኳስ ሲጫወት ዞር ሲል "ቀጭ" ብሎበታል። እረፍት አልኩት። "ዶክተር፣ ነገ የሰፈር ፍጻሜ ነው፣ መርፌ ብቻ ውጋኝ" አለኝ። ፊቱን ሳየው አሳዘነኝና ዲክሎፌናክ አዘዝኩለት። እንደሚጫወት እያወቅኩ። ዋንጫውን በሉ። እሱ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረጃ መውረድ አቅቶት ተመለሰ። ማስታገሻው ሕመሙን ዝም አሰኘው እንጂ ጅማቱን አልጠገነውም። ለአንድ ቀን ደስታ የተባበርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ "ጄይደን ይግባ" የሚለውን ስሰማ የማየው የዚያን ልጅ ፊት ነው።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ "እሱ ቁጭ ብሎም ይከፈለዋል፤ እኔ አንድ ቀን ካረፍኩ ማን ያበላኛል?" ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። በሞተር ዕቃ የሚያደርሰውን፣ ግንባታ ላይ የሚውለውን ሰው "ስድስት ሳምንት ተኛ" ማለት ምክር አይደለም። ግን በእረፍትና ምንም ባለመቀየር መካከል ብዙ ነገር አለ። ሸክም ማቅለል፣ የሥራ ዓይነት ለጊዜው መቀየር፣ ጉልበት መደገፊያ ማድረግ፣ ቀስ በቀስ ጡንቻ ማጠንከር። ሐኪማችሁን "ምን ልዋጥ?" ብቻ ሳይሆን "ምን መሥራት እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለሥራ ቦታችሁ ወረቀት ካስፈለገም ለመጠየቅ አትፈሩ።

እነዚህን ደግሞ ያዙልኝ፦

👉 ከጉዳት በኋላ ቅርፁ ከተዛባ፣ አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተቀየረ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ።

👉 "ቀጭ" ብሎ በሰዓታት ውስጥ ያበጠ ጉልበት የጅማት መበጠስ ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

👉 ያበጠ መገጣጠሚያ ራጅ ሳይነሳ አይታሽ፣ አይጎተት፣ አጥብቆም አይታሰር። ወጌሻ ጋ ለምትሄዱም መጀመሪያ ራጁ ይቅደም። አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ እጅና እግር ያሳጣል።

👉 ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ዲክሎፌናክን ከፋርማሲ በራሳችሁ እየገዛችሁ አትውሰዱ።

👉 ወደ ሜዳ የምትመለሱት ያለ ማስታገሻ፣ የተጎዳው ጎን ከጤነኛው እኩል ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ እኩል ሲጠነክርና መዝለልም መዞርም ስትችሉ ነው።

ወደ ሐሙስ ልመለስና ግምቴን ልናገር። ዳላስ ዳክ ፕሬስኮትን ይዞ በአየር የሚያጠቃ ቡድን ነው፣ የእኛ መከላከል ደግሞ ዘንድሮ ወንፊት ነው። የእነሱም መከላከል ግን ከእኛ አይሻልም። አዲሱ ልጅ ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት ኳሱን ይዞ ከሮጠልን፣ ሰዓቱንም ከበላንባቸው፣ ተስፋ አለን። ካልሆነ እንሸነፋለን። የፈረንጆቹ ገና ስለሆነ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለን እንችለዋለን። ዳላስን ለማሸነፍ በሚቀጥለው ዓመትም ሁለት ዕድል አለ። ክርንና ጉልበት ግን በየዓመቱ አዲስ አይመጣም።

ለአክስቴ ልጅም ይህንኑ ብዬ መልሼላታለሁ። እስካሁን አይታዋለች፣ አልመለሰችልኝም 😄

"መርፌ ውጋኝና ልጫወት" የሚል ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

መልካም ጤንነት!