አራስ ስንጠይቅ ታላቁንም እንጠይቅ

በካኩማ ቤት ለቤት እየዞርኩ የጤና ትምህርት ስሰጥ፣ አራስ ባለችበት ቤት ሁሉ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ገንፎ ይበላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ሕፃኑ ይመረቃል። በሩ አጠገብ ደግሞ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ታላቁ ጣቱን እየጠባ ቆሟል። ወደ እሱ የሚዞር ሰው ቢገኝ «እናትህን ቀሙህ!» ብሎ ለመሳቅ ነው።

ለእኛ ቀልድ ነው፤ ለልጁ ግን የደረሰበት ነገር ነው። ከእናቱ ጎን ይተኛ ነበር፤ አሁን ከአያቱ ወይም ከእህቱ ጋር ነው የሚያድረው። እናቱ ማርገዟ ሲታወቅም ጡቷ ላይ እሬት ተቀብቶ ድንገት እንዲተው ተደርጓል። ከዚህ በኋላ መኝታው ላይ ቢሸና፣ ቢነጫነጭ፣ ሕፃኑን ቢመታ «ቀናተኛ» ብለን እንቆጣዋለን። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ናፍቆቱን በቃል መናገር ስለማይችል በዚህ መንገድ ይናገራል። ቁጣና ዱላ ያብሰዋል እንጂ አያሽለውም።

ችግሩ በቅናት ብቻ ላያበቃም ይችላል። «ክዋሽዮርኮር» የተባለው የምግብ እጥረት በሽታ ስሙን ያገኘው በዛሬዋ ጋና ከሚነገረው የጋ ቋንቋ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1935 በሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት በዚያ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ ሲሆኑ፣ ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው ሕመም ማለት ነው። ልጁ ከጡት ድንገት ተነጥሎ የማሽላ ወይም የበቆሎ ገንፎ ብቻ ሲመገብ፣ እግሩና ፊቱ ሊያብጥ ይችላል። ይህን እብጠት አይተው «ወፈረ» ብለው የተደሰቱ ወላጆች አጋጥመውኛል።

«አንዲት እናት ውኃ ወረፋ፣ ራሽን ወረፋ፣ አራስ ልጅ ይዛ እንዴት ይህን ሁሉ ትችላለች?» የሚሉ ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህም ነው ሥራው የእኛ የጠያቂዎች ነው የምለው። የተለመደው ታላቁን ከእናቱ አርቀን ማጫወት ነው። እኔ የምለው በተቃራኒው ነው፦ ሕፃኑ ጠብቶ ሲተኛ እጃችንን ታጥበን እኛ እንቀበላት፤ እናትየዋ ለግማሽ ሰዓት ታላቁን ትቀፈው። አባትም ልጁን በገዛ ሳህኑ ያብላው፤ ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ሳህን ሲሻማ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅምና። ባቄላም ሆነ እንቁላል ከተገኘ ድርሻው አይረሳ።

እናቶችም የሚከተለውን ይወቁ፦

- እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ታላቁን ማጥባት በአብዛኛው ጉዳት የለውም። የእርጉዝ ወተት ልጅን ያሳምማል የሚባለው ስሕተት ነው። ደም ከታየ ወይም ቀደም ሲል ውርጃ ወይም ጊዜው ያልደረሰ ወሊድ ከነበረ ግን ሐኪም ያማክሩ።
- ከወሊድ በኋላ ሁለቱንም ማጥባት ይቻላል። እንገሩ እንዲደርሰው ግን መጀመሪያ የሚጠባው አዲሱ ሕፃን ነው።
- ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ይለካ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሕክምና ይፈልጋል፤ ከ11.5 ካነሰ አደገኛ ነው።
- የሁለቱንም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሴኮንድ ይጫኑ። ጉድጓዱ በሁለቱም ላይ ከቀረ፣ ልጁ ወፍራም ቢመስልም በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።
- ከአንድ ወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት ለእናትም ለልጆችም ይበጃል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ባልና ሚስት አብረው ይጠይቁ።

በሚቀጥለው ጊዜ አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ከበሩ አጠገብ የቆመውን ልጅ በስሙ ጠርተው «ዛሬ ምን በላህ?» ይበሉት። መልሱን ሰምተው እግሩንም ይዩለት።