የረከሰ እህል ማንን አጠገበ?

እኛ የከተማ ልጆች ነን። እህልን የምናውቀው ከወፍጮ ቤት ወዲህ ነው። ጤፍ ሲወደድ ገበሬውን እናማለን፤ «ዘንድሮ ገበሬው ብልጥ ሆኗል፣ እህሉን ደብቆ ዋጋ ይጠብቃል» እንላለን። ሲረክስ ደግሞ «እሰይ!» ብለን እንጀራችንን እንጠቀልላለን። በረከሰው ዋጋ ገበሬው ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ በመሃላችን ብዙ የለም። አንድ ሞኝ ቢጠይቅ እንኳ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ «ገበያ ነዋ! ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል።»

ዛሬ ጠባችን ከዚህች «ገበያው ያስተካክለዋል» ከምትባል አባባል ጋር ነው። ለጠቡም ሩቅ አገር እንሄዳለን፤ ወደ 1930ዎቹ አሜሪካ። (ዓመቱ ሁሉ «ዓ.ም.» ካልተባለበት በቀር እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ለምን አሜሪካ ቢባል፣ ገበያ ብቻውን ሲተው ገበሬን ምን እንደሚያደርገው በቁጥር ተመዝግቦ የተቀመጠው እዚያ ስለሆነ ነው።

ከዎል ስትሪት በፊት

ታላቁን የኢኮኖሚ ድቀት የምናውቀው ከፊልም ነው። ኒውዮርክ፣ ጥቅምት 1929፣ አክሲዮናቸው በአንድ ቀን ወረቀት የሆነባቸው ባለ ከረባቶች፣ ሾርባ ለመቀበል የተሰለፉ ሥራ አጦች። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ያኔ ከአራት አሜሪካውያን አንዱ ገደማ እርሻ ላይ ይኖር ነበር። ለእሱ ክፉው ዘመን የጀመረው ከዎል ስትሪት ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ እርሻዋን ትታ ስትዋጋ የአሜሪካ ስንዴ ወርቅ ሆነ። መንግሥት «እረሱ» አለ፣ ባንክ «ተበደሩ» አለ። ገበሬው በውድ ዋጋ መሬት ገዛ፣ ማሽን ገዛ፣ ዕዳ ገባ። ጦርነቱ አልቆ አውሮፓ ወደ እርሻዋ ስትመለስ፣ በ1920 የእህል ዋጋ ተንኮታኮተ። ዕዳው ግን ባለበት ቀረ። እህል ይረክሳል እንጂ ዕዳ መች ይረክሳል! በ1920ዎቹ ትልልቆቹ ከተሞች በጃዝ ሲጨፍሩ ከ5 ሺህ በላይ ባንኮች ተዘግተዋል፤ አብዛኞቹም የገጠር ከተሞች ትናንሽ ባንኮች ነበሩ። ዎል ስትሪት አልሰማም። ለነገሩ ትልቅ ከተማ የገጠሩን ጩኸት መች ሰምቶ ያውቃል?

ከዚያ ዋናው ማዕበል መጣ። እስቲ ቁጥሩን በእኛ ኩንታል እንመንዝረው። አሜሪካኖች እህል የሚሰፍሩት በቡሼል ነው፤ አንድ ቡሼል ስንዴ 27 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ1929 ገበሬው ለአንድ ቡሼል ስንዴ በአማካይ 1 ዶላር ከ3 ሳንቲም ገደማ ያገኝ ነበር፤ በኩንታል 3 ዶላር ከ80 ሳንቲም አካባቢ። በ1932 ያው ቡሼል 38 ሳንቲም ገባ። ኩንታሉ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም መሆኑ ነው። በአዮዋና በደቡብ ዳኮታ አንዳንድ ቦታ በቆሎ ቡሼሉ እስከ 10 ሳንቲም ወረደ፤ ኩንታሉ 40 ሳንቲም! የድንጋይ ከሰል ከበቆሎ ስለተወደደ ሰው በቆሎውን ምድጃ ውስጥ እየማገደ ብርዱን አሳለፈ።

በ1932 ኦስካር አሜሪንገር የተባለ ጋዜጠኛ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲመሰክር 3 ሺህ በጎቹን አርዶ ገደል ስለጣለ አርቢ ተናግሯል። ሰውየው አላበደም። አንዷን በግ ወደ ገበያ ለመላክ ማጓጓዣው 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው፤ በጓ ስትሸጥ ግን አንድ ዶላር አትሞላም። እንግዲህ ሒሳብ የሚችል ይደምር።

የቅዳሜ ገበያ

ትንሿን ከተማ በዓይነ ህሊናችሁ አምጧት። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ባንክ፣ ሁለት ሦስት ሱቆች፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ደግሞ ትልቅ የእህል ጎተራ። ቅዳሜ ገበሬው ከነቤተሰቡ ይመጣል። ሚስቱ እንቁላልና ቅቤ ይዛለች። ባለሱቁ እንቁላሉን ቆጥሮ ይረከባል፤ በምትኩ ስኳር፣ ቡና፣ ላምባ ይሰጣታል። የጎደለው በዱቤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ «እህል ሲሸጥ ይከፈላል» ተብሎ።

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት ከተማዋን ተሸክማ ያቆመቻት። እህል ሲሸጥ ባለሱቁ ይከፈለዋል። እሱም ለጅምላ ነጋዴው ይከፍላል። የሁለቱም ገንዘብ የሚያድረውም ሆነ ብድራቸው የተጻፈው እዚያችው አንድ ባንክ ውስጥ ነው። አሁን ስንዴውን ከ1 ዶላር ወደ 38 ሳንቲም አውርዱት። የዱቤ መዝገቡ ወፈረ፣ ጅምላ ነጋዴው «በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ» አለ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆነ፣ ባንኩ በሩን ዘጋ። ከ1930 እስከ 1933 በመላ አገሪቱ 9 ሺህ ገደማ ባንኮች ወደቁ። ዕዳ የሌለበት፣ ቆጥቦ ያስቀመጠ ጎበዝ ገበሬ ሳይቀር ጠዋት ተነስቶ ገንዘቡን አጣው።

ስለዚህ «ገበሬውን የበላው የከተማው ነጋዴ ነው» ለሚሉም መልስ አለን። በሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ አልነበረም አንልም። ግን የጎተራው ሰውዬ ዋጋውን አይፈጥረውም፤ የቺካጎን ዋጋ ይሰማና የባቡሩን ኪራይና የራሱን ድርሻ ቀንሶ ለገበሬው ይነግረዋል። ቺካጎ ላይ ዋጋው በግማሽ ሲወርድ የባቡሩ ኪራይ በግማሽ አይወርድም። ስለዚህ ገበሬው እጅ ላይ ዋጋው ከግማሽም በላይ ይወድቃል። ባለሱቁስ? ሳይከፈለው ያበደረ እሱ ነው። ገበሬው ሲሰምጥ አብሮት የሰመጠ ጎረቤቱ ነው።

መጠበቅ የሚችል፣ መጠበቅ የማይችል

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? በ1935 ጋርዲነር ሚንስ የተባለ ኢኮኖሚስት ለአሜሪካ ሴኔት የቀረበ አንድ ጥናት ጻፈ። ከ1929 እስከ 1933 ጸደይ ድረስ የሆነውን ሲያሰላ ይህን አገኘ። የእርሻ ምርት ዋጋ 63 በመቶ ወደቀ፤ የምርቱ መጠን ግን የቀነሰው 6 በመቶ ብቻ ነው። የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካዎችስ? የእነሱ ዋጋ የወረደው 6 በመቶ ብቻ ነው፤ ምርታቸው ግን በ80 በመቶ ቀነሰ።

ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ገበያው ሲቀዘቅዝ ባለፋብሪካው ዋጋውን አልነካም፤ ማሽኑን አቁሞ፣ ሠራተኛውን አሰናብቶ፣ በሩን ቆልፎ ጠበቀ። ገበሬው መጠበቅ አልቻለም። ላሟን «ለዛሬ አትታለቢ» አይላትም። ወለዱና ግብሩ ቀን ቆጥረው ይመጣሉ። ስለዚህ የተባለውን ዋጋ ይቀበላል። አንዱ ዋጋ ይተምናል፤ ሌላው ዋጋ ይተመንለታል። ሁለቱንም አንድ ላይ «ገበያ» ብሎ መጥራት በሬንና ቢላዋን «ሥጋ ቤት የተገናኙ ወዳጆች» እንደ ማለት ነው።

አዋቂ ነን ባዮች ደግሞ ይነሱና «ዋጋ ሲወርድ ገበሬው ለምን ምርቱን አልቀነሰም? ድንቁርና ነው» ይላሉ። እስቲ እናስላ። አንድ ገበሬ በዓመት 300 ዶላር ወለድና ግብር አለበት እንበል። በ1929 ዋጋ 79 ኩንታል ስንዴ ሸጦ ይገላገላል። በ1932 ዋጋ ግን 214 ኩንታል ያስፈልገዋል። ምን ያድርግ? ተጨማሪ መሬት ያርሳል። ጎረቤቱም እንደዚያው። ሁሉም ብዙ ባመረተ ቁጥር ዋጋው ይብሱን ይወርዳል። ይሄ ድንቁርና አይደለም፤ ወጥመድ ነው። እያንዳንዱ ትክክል እያሰበ ሁሉም አብሮ የሚወድቅበት ወጥመድ። «ገበያው ያስተካክለዋል» የሚሉን ሰዎች ይቺን ወጥመድ አያነሷትም።

ዳቦው ግን ረከሰ አይደል?

የከተማ ሰው ክርክር ይሄ ነው። «ገበሬው ተጎዳ፣ እሺ። ደሃው የከተማ ሰው ግን ርካሽ ዳቦ በላ።» በላ እንዴ? ስንዴው ከ60 በመቶ በላይ ሲወድቅ፣ በከተማ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዳቦ ከ9 ሳንቲም ገደማ ወደ 7 ሳንቲም ነው የወረደው። ምክንያቱም በዳቦው ዋጋ ውስጥ የስንዴው ድርሻ ትንሽ ነው፤ የቀረው የወፍጮው፣ የጋጋሪው፣ የማጓጓዣውና የሱቁ ነው። ገበሬው ካጣው ላይ ወደ በላተኛው የደረሰው ፍርፋሪው ነው።

እሺ፣ ሁለት ሳንቲምም ለደሃ ገንዘብ ነው። ግን የሚንስን ቁጥር አስታውሱ፤ የእርሻ መሣሪያ ምርት በ80 በመቶ ቀነሰ። ትራክተርና ማረሻ የሚገዛው ማን ነበር? ያ 38 ሳንቲም የተሰጠው ገበሬ! እሱ መግዛት ሲያቆም ፋብሪካው ተዘጋ፣ የከተማው ወዛደር መንገድ ላይ ወጣ። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። በአንድ አገር ውስጥ እህሉን የሚያቃጥል ገበሬና ለዳቦ የሚሰለፍ ወዛደር በአንድ ዓመት ታዩ። ከተሜው ሁለት ሳንቲም አተረፈ፣ ደመወዙን ከሰረ። የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ሌላ ሰው ሲቆርጥለት «ማገዶ ረከሰ» ብሎ እንደ ማጨብጨብ ነው።

ገበሬው ግን ዝም ብሎ አልሞተም። በ1932 ክረምት ሚሎ ሬኖ በሚባል ሰው የሚመራ የገበሬዎች ማኅበር «አንሸጥም» ብሎ አድማ መታ። በሱ ሲቲ ከተማ ዙሪያ መንገዶችን በግንድ ዘግተው ወተትና ከብት እንዳያልፍ አደረጉ። የአንዱ እርሻ በዕዳ ለሐራጅ ሲቀርብ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ይመጡና ላሟን በሳንቲም፣ ማረሻውን በሳንቲም ይጫረታሉ። የውጭ ሰው ዋጋ ሊጨምር ካሰበ ጎተራው ላይ የተንጠለጠለችውን የገመድ ሸምቀቆ ያሳዩታል። በመጨረሻ ሁሉንም ለባለቤቱ ይመልሱለታል። በሚያዝያ 1933 በአዮዋ ሌማርስ ከተማ የተቆጡ ገበሬዎች ዳኛውን ከችሎቱ ጎትተው አውጥተው አንገቱ ላይ ገመድ እስከማስገባት ደርሰዋል። ይህን አንደግፍም። ግን ሰላማዊ የሆነ ወግ አጥባቂ ገበሬ ዳኛ ላይ ገመድ ካነሳ፣ ገበያው አስተካክሎታል የሚለን ማነው?

ያዳነው ምንድነው?

ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት የነቃው። በግንቦት 1933 የወጣው የእርሻ ሕግ ገበሬው ምርት እንዲቀንስ መክፈል ጀመረ። ቅዱስ ሥራ አልነበረም። ሕዝብ እየተራበ 6 ሚሊዮን ገደማ አሳማ ታረደ፤ ክፍያው ለባለ መሬት ስለሆነ በደቡብ ብዙ ጭሰኞች፣ በተለይም ጥቁሮቹ፣ ከመሬት ተፈናቀሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1936 ሕጉን ሻረው። ይህን ሁሉ ደብቀን ልናወድስ አንፈልግም።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን አንዷን ነገር እንውሰድ። በጥቅምት 1933 መንግሥት ለዚሁ ሥራ አንድ ድርጅት አቋቁሞ ለበቆሎ ገበሬው እንዲህ አለው፤ «በቆሎህን በጎተራህ ቆልፈህ አስቀምጥ፤ በቡሼል 45 ሳንቲም አበድርሃለሁ። ዋጋ ከወጣ ሸጠህ ክፈለኝ፤ ካልወጣ በቆሎውን እወስዳለሁ፣ ዕዳህ ተሰረዘ።» በ1934 ድርቅ መጥቶ ዋጋው ሲወጣ ያስቀመጠው ገበሬ ተጠቀመ። ይሄ ምጽዋት አይደለም። ለገበሬው የተሰጠው ባለፋብሪካው ድሮም የነበረው ነገር ነው፤ የመጠበቅ አቅም።

ሩቅ አገር መሄዳችን ለዚህ ነበር። እኛም አገር ሁለት ዓመት ተከታትሎ መልካም ምርት ሲገኝ በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ከግማሽ በታች ሆነ። ገበሬው ማሳው ላይ ትቶት የሄደ በቆሎ ነበር፤ የሚያሳጭደውን ወጪ አይመልስማ። የማዳበሪያ ዕዳ የሚሰበሰበው ከአጨዳ ማግስት ስለነበር መጠበቅ አልቻለም። በሚቀጥለው ወቅት ብዙው ማዳበሪያ ቀነሰ። ዝናቡም ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በጥጋብ ዓመት ያልጠበቅነው ገበሬ በረሃብ ዓመት እንዴት ይመግበን?

እንግዲህ ወዳጆች፣ መጀመሪያ ላይ ወዳማነው ሰውዬ እንመለስ። «እህሉን ደብቆ ዋጋ ይጠብቃል» ያልነው ገበሬ። ባለ ሲሚንቶው ሲጠብቅ «ቢዝነስ» እንላለን፣ ባለ ፎቁ ሲጠብቅ «ኢንቨስትመንት» እንላለን። ገበሬው አንድ ክረምት መጠበቅ ሲችል ነው «ጨካኝ» የሚሆንብን? እኛ እንዲህ እንላለን፤ ጎተራ ይሠራለት፣ በእህሉ ላይ ብድር ይሰጠው፣ ዕዳው ከአጨዳ ማግስት በሩን አያንኳኳ። ጤፉ ትንሽ ይወደድብናል? ይወደድ። ገበሬ ከስሮ ያበላው ከተማ ደግሞ ሳይከስር እንደማይቀር አሜሪካኖቹ በቁጥር ጽፈው ትተውልናል።

ሲረክስ «እሰይ!» ከማለታችን በፊት፣ ማን ከፈለልን ብለን እንጠይቅ።