አሮጌው ዘይት ወዴት ይሂድ?

ተማሪዎች ሆይ! ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ እንደ መሆኗ መጠን መኪና አይለያትም። በእንዲህ ያለ ከተማ አንድ ባለመኪና ወይም ረዳት ከመኪናው ሥር ተንጋሎ የሞተር ዘይት ሲለውጥ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ሥራ ጋራዥ ሳይሄዱ በገዛ ግቢ ማከናወን ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? በእኔ አስተያየት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ተፈጸመ የሚባለው አዲሱ ዘይት ሲሞላ ሳይሆን፣ አሮጌው ዘይት ጉዳት የማያደርስበት ማረፊያ ሲያገኝ ነው።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠቃሚነት እንመልከት። የሞተር ዘይት የብረት አካላት እርስ በርሳቸው ተፋትገው እንዳይበላሉ ያለሰልሳል፤ ሙቀትንም ይቀንሳል። በቆየ መጠን ግን ጥላሸትና ደቃቅ የብረት ብናኝ እየተቀላቀለበት ይጠቁራል፤ ኃይሉም ይደክማል። በራዲያተር ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃም ዝገትና ዝቃጭ እየተወ መተላለፊያውን ያጠብባል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መኪና ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ በሆነችው በደብረ ታቦር፣ ሳይከደን የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ የተደፈነ መኪና አቀበቱ ላይ ቢፈላ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዲህ ፈሳሾቹን በጊዜው የሚለውጥ ሰው የሚጠብቀው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪውንም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ድፍረት ዕውቀትን አይተካም። በቅድሚያ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ጎማውም በድንጋይ ይታገዳል። ሞተሩ ለብ እንዳለ የማፍሰሻው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ በሰፊ ሳፋ ይጠራቀማል። ፊልትሮው ይለወጣል፤ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላም አዲሱ ዘይት ተሞልቶ ልኩ በመለኪያው ዘንግ ይረጋገጣል። የራዲያተር ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይነካም፤ ታምቆ የቆየው ትኩስ ውሃ ተፈናጥሮ ፊት ያቃጥላልና። ሲቀዘቅዝ አሮጌው ውሃ ይለቀቃል፤ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣው ድረስም ይታጠባል። የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ስለሚስብ እርሱም በየጊዜው መለወጥ አለበት። ይህን ሥራ ግን ለባለሙያ መተው ይሻላል፤ በቧንቧው ውስጥ ጥቂት አየር ቢቀር የፍሬኑ መርገጫ ይሰምጣል፤ መኪናውም አልቆም ይላል።

ዋናው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ አሮጌው ዘይት በአጥር ሥር ወይም በቦይ ውስጥ ይደፋል። የተደፋው ዘይት ግን በዚያው አይቀርም። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል፤ ጉማራን የመሳሰሉት የአካባቢው ወንዞችም ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የፎገራ ገበሬ ሩዝና ሽንኩርት የሚያለማው፣ ዓሣ አስጋሪውም መረቡን የሚጥለው በዚሁ ውሃ ነው። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር የሚደርስ የመጠጥ ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል ይነገራል፤ አንድ ሚኒባስ ደግሞ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ሊትር ያፈሳል። ለራዲያተር የሚጨመረው ባለቀለም ማቀዝቀዣም ጣዕሙ የሚጣፍጥ መርዝ ነው፤ ልጅም ሆነ ውሻ ቢቀምሰው ሊሞት ይችላል።

«አንድ ጣሳ ዘይት ጣናን አይበክልም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ አንዱ ጣሳ ብቻውን አይበክልም። ነገር ግን የከተማው ሰው ሁሉ «የእኔ ጥቂት ናት» ካለ ጥቂት የሚባል ነገር አይኖርም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለበጎ ብቻ ሳይሆን ለክፉም ይሠራል። «አቧራ ያጠፋል፤ እንጨትንም ከምስጥ ይጠብቃል» ብለው የሚከራከሩም አሉ። ሆኖም በአቧራ ላይ የፈሰሰው በዝናብ መታጠቡ አይቀርም። በአጥር እንጨት ላይ የተቀባውም ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ ስለሚወርድ፣ በውሃ ጉድጓድና በአትክልት ቦታ አጠገብ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌው ዘይት ከውሃም ሆነ ከቤንዚን ጋር ሳይቀላቀል ክዳን ባለው ጀሪካን ይጠራቀም፤ ልጅ እንዳይሳሳትም ምልክት ይደረግበት። ማቀዝቀዣውም ለብቻው ይቀመጥ። ባጃጅ ነጂዎች፣ ባለጋራዦችና ማዘጋጃ ቤቱም ተባብረው አንድ የጋራ በርሜል ያቁሙ። አንድ በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል። የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ እንደገና ሊሠራበት ወይም በከፍተኛ ሙቀት በሚሠሩ የፋብሪካ ምድጃዎች ለማገዶነት ሊውል ይችላል። በየቤቱ የተበታተነውን ጣሳ የሚፈልገው የለም፤ የሞላ በርሜል ግን ፈላጊ አያጣም።

ተማሪዎች ሆይ! ነገ ከመካከላችሁ ሹፌር፣ መካኒክና ባለመኪና ይወጣል። ያን ጊዜ እጃችሁን ዘይት ቢነካው አትፈሩ፤ እጅ በሳሙና ይጸዳል። ወንዝን የሚያጥብ ሳሙና ግን አልተገኘም።