ሒሳቡን እዩልኝ

በከተማችን በመሐል ሜዳ ሰው በሐሰት ሲከሰስ አጽናኝ አያጣም። «ቻለው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» እንለዋለን። ማወቁንማ ያውቃል፤ እምነታችን ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህን ብለን ጋቢያችንን ሰብስበን መነሣታችን ነው። የሰውዬው ስም እንደ ጎደፈ ይቀራል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሶስናን ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት መሰከሩባት፤ ጉባኤውም አምኗቸው ሞት ፈረደባት። እርሷ ወደ ሰማይ ጮኸች። ጩኸቷ ሲሰማ ከላይ እሳት አልወረደም፤ ዳንኤል የሚባል ብላቴና ተነሣ እንጂ። ምስክሮቹን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ጠየቃቸው። ሁለት የተለያየ ዛፍ ጠሩ። ተስፋዋ የተፈጸመው በጠያቂ ሰው አፍ ነበር።

የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ግን ዳንኤል አላገኙም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ገዳሙ በሙሉ ተባባሪ ተባለ። መርምሮ የፈረደ ችሎት አልነበረም። ግንቦት 13 ቀን የጄኔራል ማለቲ ወታደሮች መነኮሳቱን ረሸኑ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ዲያቆናቱን ደብረ ብርሃን አጠገብ ገደሏቸው፤ እኛ ወደ አዲስ አበባ በምንመላለስበት መንገድ ማለት ነው። ግራዚያኒ ለሮም የላከው ቁጥር 297 መነኮሳትና 129 ዲያቆናት ይላል። ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሕይወት የነበሩ ሽማግሌዎችን እየፈለጉ ጠየቁ፤ የካምቤል ግምት ከ1,800 እስከ 2,200 ደረሰ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባይጠይቁ የገዳዩ ቁጥር እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። ግራዚያኒ ኢትዮጵያ ውስጥ ስላፈሰሰው ደም ፍርድ ቤት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1950 ጣሊያን 19 ዓመት የፈረደችበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ከዚያም በወራት ውስጥ ተፈታ።

ለሰማዕታቱ እናለቅሳለን፤ ይገባልም። ነገር ግን አጠገባችን የሚኖረውን ሰው ሳንጠይቅ እንፈርድበታለን። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በላ የተባለ አንድ የማውቀው ሰው አለ። ቅዳሴ አላስታጎለም፤ ከሳሾቹንም አልረገመም። «በርታ» ልለው ብሄድ፣ «እኔስ በእግዚአብሔር በርትቻለሁ፤ እናንተ ሒሳቡን እዩልኝ» አለኝ።

መዝገቡ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ሰበካ ጉባኤያችን በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሳሾቹም እርሱም ባሉበት እንዲከፍተው እጠይቃለሁ።