አዲግራት ጅግጅጋ ምን ትሠራለች?

እስቲ በቀላል ጥያቄ እንጀምር። አዲግራት የት ናት? «ትግራይ ነዋ!» አላችሁ አይደል? ልክ ናችሁ። ግን ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ባለው አገርም አዲግራት አለ... ከተማዋ ሳትሆን ድንጋዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት መጥቶ ነበር። አዲግራት አካባቢ ያየውን የአሸዋ ድንጋይ በከተማዋ ስም ጠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍም ስሙ በዚያው ጸና። ጂኦሎጂስቶች አንድን የድንጋይ ንጣፍ መጀመሪያ በደንብ በተጠናበት ቦታ ስም ይጠሩታል። ስለዚህ ያው ንጣፍ ሐረርም ይገኝ ሶማሊያ፣ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ነው።

ይህንን ቱሊ ጉሌድ ላይ ሻይ እየጠጣን ስናወራ፣ አጠገባችን የነበሩ አንድ አዴር (አጎት እንደማለት ነው፤ እዚህ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው) ቆጣ አሉ። «የኛ መሬት የራሱ ስም የለውም?»

አልፈረድንባቸውም። ቱሊ ጉሌድ ያለችው ሶማሌና ኦሮሚያ ክልሎች በሚዋሰኑበት በኩል ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች መካከል ከ400 በሚበልጡ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዷል፤ በ2010 ዓ.ም. በነበረው ግጭት ደግሞ መቶ ሺዎች ከሁለቱም ወገን ተፈናቅለዋል። እዚህ የአንድ ቦታ ስም በኦሮምኛ ተጻፈ በሶማሊኛ ተራ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብሎ «ስም ምን ያደርጋል?» ማለት ይቀላል!

ግን አዴርን የሚያረጋጋ ነገርም አለ። ከአዲግራት ድንጋይ በላይ ያሉትን ንጣፎች ስም ብንቆጥር ሙስታሂል አለ፤ ከኢትዮጵያ ከተማ የተወሰደ ነው። ከፍ ሲል ደግሞ በለድወይን ይመጣል፤ የሶማሊያ ከተማ ነው። ሁለቱም ንጣፎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አሉ፣ ስማቸውም ያው ነው። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ «የሶማሌ ፕሌት» የሚባለው ግዙፍ የምድር ቅርፊት አለ። ጅግጅጋም ሐረርም ባሌም አርሲም ያሉት እሱ ላይ ነው። አዎ፣ የበቆጂ ሯጮቻችን ልምምድ የሚሠሩት ሶማሌ ላይ ነው! አዲስ አበቤው ከስምጥ ሸለቆው ማዶ «የኑቢያ ፕሌት» ላይ ሆኖ በዓመት 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃቸዋል። ይህንን ሰምቶ ካርታ ይከለስልኝ ያለ ክልል የለም።

ስለዚህ ከአዲግራት ጋር ጠብ የለንም። የኛ ቅሬታ ሌላ ቦታ ነው።

«ገብረዳሬ» የሚባል ንጣፍ አለ። ስናነበው የማን አጎት ነው ብለን ነበር። ለካስ ቀብሪደሃር ናት! በጣሊያን አፍና አጻጻፍ አልፋ ነው እንዲህ የሆነችው። «ጎራሄይ» የሚባለውም ቆራሄ ነው። የቀብሪደሃር ልጅ ጂኦሎጂ ሊማር ገብቶ የራሱን ከተማ ስም እንደ ባዕድ ቃል ይሸመድዳል ማለት ነው።

«ኦጋዴን ቤዝን»ም አለ። 350,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው፣ የካሉብ ጋዝ የተገኘበት ተፋሰስ። ኦጋዴን የአንድ የሶማሌ ጎሳ ስም ነው፤ ክልሉ ውስጥ ግን ሌሎች ብዙ ጎሳዎች አሉ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ክልሉን ሶማሌ ብሎታል። የጅግጅጋ ዞን ፋፈን፣ የሽኒሌ ዞን ሲቲ ከተባሉም ዓመታት አልፈዋል። ተፋሰሱ ግን በድሮ ስሙ አለ። እሺ፣ የቁፋሮው መዝገብና ጥናቱ ሁሉ በዚያ ስም ስለተቀመጠ ይቆይ። ችግሩ እኛ ጋዜጠኞች ነን። ስለ ጋዝ ስንጽፍ «ኦጋዴን» ብለን ጀምረን፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ሕዝቡንም ክልሉንም በዚያው ስም እንጠራለን። የድንጋይ ስም ሳናስበው የሰው ስም ይሆናል። ይህንን ለማረም የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።

የሳይንስ ስም አንዴ ከወጣ አይነካም የሚሉን አሉ። ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ማድሪድ የተሰበሰቡ የዕጽዋት ተመራማሪዎች ከ200 የሚበልጡ የዕጽዋት ስሞች እንዲስተካከሉ ድምፅ ሰጥተዋል። «ካፍራ» የሚለው ቃል ጥቁር አፍሪካውያን ከሚሰደቡበት ቃል የመጣ ነበርና «አፍራ» ሆነ። በላቲኑ አንዲት ፊደል ናት የተነሳችው። ገብረዳሬን ቀብሪደሃር ለማለት ስንት ፊደል ይፈጃል?

ይህንን ሁሉ ለአዴር ተናግረን ስናበቃ ሳቁብን። «ደገህ በሶማሊኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አሉን። ድንጋይ ነው። ቡር ደግሞ ኮረብታ። ይኸው ስንት ዓመት ደገሃቡር ስንል ኖረን አንድም ቀን አልጠየቅንም ነበር። ማስታወሻ ደብተራችንን አውጥተን ሁለተኛ ሻይ አዘዝን።